እሑድን የጠየቁ ልጆች

በደቡብ ሱዳን ፊደልና ጸሎት ያደጉት በአንድ ግቢ ነው። የእንግሊዝ ገዢዎች ለደቡቡ ሕዝብ ትምህርት ቤት የመክፈቱን ሥራ ለሚሲዮኖች ትተውት ስለ ነበር፣ ማንበብ የፈለገ ልጅ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አንግሊካኖቹ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ በነጭ ዓባይ ዳር ማሌክ ላይ፣ ቆይተውም ሎካ በሚገኘው የኑጀንት ትምህርት ቤት አስተማሩ። የሚሲዮናዊውን የዳንኤል ኮምቦኒን ፈለግ የተከተሉት ካቶሊኮችም በየአገሩ የራሳቸውን ከፈቱ። ደወሉ ሲደወል መጀመሪያ ጸሎት ነው፣ ቀጥሎ ንባብ። ልጁ የሚያነበውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ወንጌልና የጸሎት መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ የደቡቡ ተማሪ በአንድ ቀን ሁለት ነገር ሆነ፤ ፊደል የቆጠረ ሰውና ከጓደኞቹ ጋር ተንበርክኮ የሚጸልይ ሰው።

ጁባ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይታ የገባች ከተማ ናት። በባሪ ሕዝብ ምድር፣ በነጭ ዓባይ ምዕራብ ዳር፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ የአውራጃ መቀመጫ ሆና ተቆረቆረች። (የደቡብ ሱዳንን ዓመቶች የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የሀገራችን ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) የአንግሊካኖቹ የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራልና በካቶር ሰፈር የሚገኘው የካቶሊኮች የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል የከተማዋ ሁለት ምሰሶዎች ሆኑ። እስከ ዛሬ ድረስ በጁባ ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው ልጁን ታቅፎ የሚሮጠው ወደ እነዚህ ግቢዎች ነው።

ሱዳን በ1956 ነጻ ወጣች። በዓመቱ መንግሥት የደቡቡን የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ወረሰ። በኖቬምበር 1958 ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ያዙና ሀገሪቱን በአንድ ቋንቋና በአንድ ሃይማኖት አንድ ለማድረግ ተነሡ። በዚህ ውስጥ አንዲት እርምጃ ነበረች፤ በወረቀት ላይ ስትታይ ቀላል፣ በሕዝብ ልብ ላይ ግን እንደ ድንጋይ የወደቀች። በፌብሩዋሪ 1960 በደቡብ ሱዳን የሳምንቱ ዕረፍት ከእሑድ ወደ ዓርብ እንዲዞር ታዘዘ።

ተማሪዎቹ አድማ መቱ። ሩምቤክ በ1948 የተከፈተ፣ የደቡቡ የመጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከዚያና ከሌሎችም የደቡብ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ክፍል አንገባም አሉ። ጥያቄያቸው ዳቦም ደሞዝም አልነበረም፤ እሑድ ነበር። የእኛ ሀገር አንባቢ ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ. ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ የተጠራው በሰንበት ጉዳይ ነበር፤ የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትም ስለ ሰንበት ሲሉ ከቤተ መንግሥትና ከጳጳስ ጋር ተጣልተው ለብዙ ዘመን ተሰደዋል። ሰንበት የተነካበት ሕዝብ የተነካበት ከዕረፍቱ ይልቅ መሰብሰቢያው ነው። ሰው ለብቻው ዓርብም ማክሰኞም መጸለይ ይችላል። አብሮ ለመጸለይ ግን ሁሉም ከሥራ የሚፈታበት አንድ ቀን ያስፈልጋል። እሑድ ተራ የትምህርት ቀን ሲሆን የተማሪው ጉባኤ ያለ ማንም ዱላ ይበተናል። ልጆቹ ይህ በደንብ ገብቷቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

መልሱ ከበደ። አድማውን የሚደግፍ ወረቀት የተገኘባቸው የካቶሊክ ካህን አባ ፓውሊኖ ዶጋሌ 12 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ሁለት ተማሪዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 10 ዓመት። ለእሑድ ሲባል አሥር ዓመት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተጣደፈ። በ1962 የሚሲዮኖችን ሥራ የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶች እንደገና በአድማ ተናጡና ብዙ ተማሪ ወደ ጫካ፣ ወደ ኡጋንዳና ወደ ኮንጎ ሸሸ። በ1964 መጀመሪያ በደቡቡ የቀሩት የውጭ ሚሲዮናውያን በሙሉ፣ ወደ 300 የሚጠጉ፣ ተባረሩ። ካርቱም ቤተ ክርስቲያኗ ከእነሱ ጋር የምትሄድ መስሏት ነበር። የሄዱት ግን የውጭዎቹ ብቻ ነበሩ። ሚሲዮን ቤት ፊደል የቆጠረው ወጣት፣ ካህን በሌለበት መንደር፣ በዛፍ ሥር ጉባኤ መምራት ጀመረ። ዛሬ በጁባ የተማሪ ኅብረቶች የሚታየው ልማድ፣ ካህን ሳይጠበቅ አንድ ወጣት ቆሞ የጸሎት ርዕስ የሚሰጥበት ሌላው የሚያጅብበት ሥርዓት፣ አንዱ ሥሩ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ጁባ ራሷ የተቃጠለችው ጁላይ 8 ቀን 1965 ነው። በዚያ ሌሊት የመንግሥት ወታደሮች በከተማዋ የሣር ቤቶች ላይ እሳት ለቀቁ፤ ከሺህ በላይ ሰው ሞተ። የተረፈው ወደ ካቴድራሎቹ ግቢ፣ ወደ ወንዙና ወደ ጫካው ሸሸ። የተማረ ደቡባዊ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ነበርና ተማሪ መሆን በራሱ የሞት ምክንያት የሆነበት ወቅት ነው። ስለዚያ ሌሊት ብዙ ማለት አልችልም፤ ቀኑን ግን አንባቢ ይያዝልኝ።

በእነዚያ ዓመታት በካርቱምና በደቡቡ ተዋጊዎች መካከል የነበረው ጦርነት ፍጻሜ በእኛ ቤት ነው የተጻፈው። በየካቲት 1964 ዓ.ም. የካርቱም መንግሥትና አኛኛ የተባሉት የደቡብ ተዋጊዎች ልዑካን አዲስ አበባ ላይ ተቀመጡ። ያገናኟቸው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላ አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ናቸው፤ ሸምጋዩ ላይቤሪያዊው ካህን በርጀስ ካር ነበሩ፣ ነገሩ በተቋጠረ ጊዜም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገቡበት። የሀገራችን ልጅ ሕዝቅያስ አሰፋ ይህንን ሽምግልና በአንድ መጽሐፉ በዝርዝር አጥንቶታል። ለእኔ የሚገርመኝ አሸማጋዮቹ የጸሎት ሰዎች መሆናቸው ነው። በአማርኛችን «ማለደ» ሁለት ትርጉም አለው። በማለዳ የተነሣም ማለደ ይባላል፣ ለሌላው የለመነም እንዲሁ። አማላጅ ሁለት የተጣሉ ሰዎች መካከል ገብቶ የሁለቱንም ዱላ ሊቀበል የተዘጋጀ ሰው ነው። ምልጃ በጸሎት ቤትም በድርድር ጠረጴዛም ያው አንድ ሥራ መሆኑን አዲስ አበባ ያን ጊዜ አይታለች።

ሰላሙ ለጁባ ዩኒቨርሲቲን ሰጣት። በ1975 ተቋቋመ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪ ተቀበለ። ከሁሉም የደቡብ አውራጃ የመጡ ልጆች፣ ዲንካውም ኑዌሩም ባሪውም ዛንዴውም፣ አንድ ግቢ ገቡ፤ የሚግባቡበት ቋንቋ ጁባ ዐረብኛ ሆነ። ይህ ቋንቋ ከጓዳና ከገበያ ተነሥቶ የጸሎትም ቋንቋ ሆኗል። ተማሪው በእንግሊዝኛ ይማራል፣ በእናቱ ቋንቋ ይዘምራል፤ ከሌላው ነገድ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲጸልይ ግን «ረቡና» ይላል፣ ጌታችን ማለቱ ነው። የአንድም ነገድ ያልሆነ ቋንቋ ለምልጃ የተመቸ ነው፤ በእሱ ሲጸለይ የማን ወገን እንደሚለምን ከድምፁ አይለይም።

ያ ጊዜ አጭር ነበር። በ1983 ጦርነቱ ተመለሰ፣ በዚያው ዓመት ካርቱም የሸሪዓ ሕግ አወጀች። የደቡብ ሽምቅ ተዋጊዎች ጁባን ሲከቡ ዩኒቨርሲቲው በ1989 ወደ ካርቱም ተዛወረና የጁባ ተማሪ በስሙ የጁባ፣ በኑሮው የሰሜን ስደተኛ ሆነ። በከተማዋ የቀረው ሕዝብ ለዓመታት ከዙሪያው እንደ ደሴት ተቆርጦ ኖረ። በ1992 ተዋጊዎቹ ከተማዋን ሊይዙ ሁለት ጊዜ ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ታፍሶ የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ ፓውሊኖ ሉኩዱ ሎሮ በዚህ ሁሉ ከሕዝባቸው ጋር በከተማዋ ነበሩ።

በዚያው ጊዜ የደቡብ ሱዳን ተማሪዎች ትልቁ ጉባኤ የነበረው በእኛ ምድር፣ በጋምቤላ ነው። ከ1987 ጀምሮ ከአሥር ሺህ በላይ የሆኑ፣ ከወላጆቻቸው የተለዩ ወንዶች ልጆች በእግራቸው ድንበር ተሻግረው ፉኝዶ ሰፈሩ፤ ኢታንግና ዲማም በሌሎች ስደተኞች ተሞሉ። ልጆቹ በዛፍ ጥላ ሥር አፈር ላይ በጣታቸው እየጻፉ ፊደል ቆጠሩ፣ በዚያው ጥላ ሥር ጸለዩ። በዲንካ ዘንድ ክርስትና እንደ ሰደድ እሳት የተዛመተው በእነዚያ ዓመታት ነው። ያዛመቱትም በአብዛኛው ወጣቶችና ሴቶች ናቸው። መዝሙሮቻቸውን ከውጭ ቋንቋ አልገለበጡም፣ ራሳቸው ደረሱ። ከደራሲዎቹ መካከል ሜሪ አሉዌል ጋራንግ ስሟ የታወቀ ነው። ከእንጨትና ከጦርነት ፍርስራሽ ብረት መስቀል ሠርተው፣ እሱን ከፍ አድርገው ይዘው፣ በከበሮ ይሰበሰቡ ነበር። የሚለምኑትም እናት አባታቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ ስለ እናት አባታቸው ነበር።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. የሁለቱም ሀገር ተማሪዎች ታሪክ በአንድ ወር ውስጥ የተጋጨበት ነው። ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለጦርነት አሠልጥኖ ሊያዘምት ብላቴ ማሠልጠኛ ከትቷቸው ነበር። ከነገ ሞታቸው ጋር የተፋጠጡት ልጆች እዚያው ለጸሎት መሰብሰብ ጀመሩ፤ ኦርቶዶክሳውያኑ በቅዱስ ሚካኤል ስም ማኅበር አቆሙ፤ በኋላ ማኅበረ ቅዱሳን ተብሎ የጸናው ጉባኤ አንዱ ምንጭ ያ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሀገር ሲወጡ የብላቴ ተማሪ ተበተነ፣ ገሚሱ እስከ ኬንያ ሸሸ። የፉኝዶ ልጆችም በዚያው ሰሞን፣ በዚያው የመንግሥት ውድቀት ምክንያት፣ ካምፓቸውን ጥለው ወደ መጡበት ሮጡ። ጊሎ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ተኩሱ ከኋላ፣ ውኃው ከፊት፣ ስንቱ ልጅ እዚያ ቀረ። የተረፉት በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። ስለ ብላቴ ብዙ ጊዜ እንጽፋለን፣ ይገባልም። ስለ ጊሎ ግን ወንዙ በእኛ ምድር የሚፈስ ሆኖ ሳለ ጥቂት ነው የጻፍነው። እነዚያ ልጆች ሲጸልዩ የኖሩት በእኛ ዛፎች ሥር ነበር።

በጃንዋሪ 2005 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የደቡብ ተዋጊዎቹ መሪ ጆን ጋራንግ ስድስት ወር ቆይቶ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ፤ በቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል ጸሎት ከተደረገለት በኋላ ጁባ ተቀበረ። ዛሬ የከተማዋ ትልልቅ ጉባኤዎች የሚደረጉበት ሜዳ ይኸው መካነ መቃብሩ ያለበት ነው።

ሕዝቡ ስለ ነጻነት ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ፣ ፍርሃቱ ከተስፋው እኩል ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2010 እስከ አዲሱ ዓመት መግቢያ የሚዘልቅ የ101 ቀን ጸሎት አወጀች። ጸሎቱ አንዱ ወይም ሌላው ምርጫ እንዲያሸንፍ የሚለምን አልነበረም፤ ድምፁ ያለ ደም እንዲሰጥ ነበር። ከጃንዋሪ 9 እስከ 15 ቀን 2011 ሰዉ ሌሊት እየተነሣ ተሰለፈ፤ 98.83 በመቶው መለየትን መረጠ፤ ያ ሳምንት በሰላም አለፈ። ጁላይ 9 የአዲሷ ሀገር ባንዲራ በጋራንግ መካነ መቃብር ላይ ተሰቀለ።

ዩኒቨርሲቲው ወደ ጁባ ተመለሰና የተማሪ ኅብረቶቹ እንደ ገና አበቡ። እንዲህ ያለ ጉባኤ በምሥራቅ አፍሪካ ግቢዎች ውስጥ የራሱ አካሄድ አለው። መዝሙርና ከበሮ ይቀድማል፣ ቃል ይነበባል፤ ከዚያ መሪው የጸሎት ርዕስ ይሰጣል፦ ስለ ፈተና፣ ስለ ታመመ ጓደኛ፣ ስለ ሀገር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል፤ ለውጭ ሰው እንደ ገበያ ይመስላል፣ ለውስጡ ሰው ግን ከጎኑ ያለውን ሰምቶ የሚበረታበት ነው። ቀጥሎ ሦስት አራት ሆነው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ የጓደኛውን ጉዳይ ተቀብሎ ይጸልይለታል። የእኛ ሰው ይህንን ከምሕላና ከእግዚኦታ ጋር አነጻጽሮ ማየት ይችላል፤ ዜማው ይለያያል፣ ስለ ሌላው ማልቀሱ አንድ ነው። የምልጃ ከባዱ ቦታ ያ ትንሹ ክብ ነው። ስለ ሀገር በጅምላ መጸለይ ማንንም አያስቸግርም። ጎንህ የተቀመጠው ልጅ ወንድሙን የገደለው የአንተ ነገድ ሲሆን፣ ስሙን ጠርተህ ስለ እሱ ለመለመን ግን አፍህን መክፈት ያቅትሃል።

ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም። በ2012 የጁባ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎቹ መካከል በተነሣ የነገድ ግጭት ተዘግቶ ነበር። ዲሴምበር 15 ቀን 2013፣ በእሑድ ማታ፣ ከፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች ሰፈር የተነሣው ተኩስ በቀናት ውስጥ በጁባ ኑዌሮችን ቤት ለቤት ወደ ማደን ተለወጠ፤ በሌሎች ከተሞችም ዲንካዎች ታረዱ። አባቶች በ1960 የታሰሩለት እሑድ፣ ልጆች እርስ በርስ የተገዳደሉበት ቀን ሆነ። ሠላሳ ሺህ ያህል ሰው በጁባ ወደሚገኙ የተባበሩት መንግሥታት ግቢዎች ገባ፤ ብዙው ደግሞ ወደ አብያተ ክርስቲያናት። ተማሪው ትናንት አብሮት የዘመረው ጓደኛ ከሽቦው ወዲያ ሆነበት። በ2016 ደግሞ ጁላይ 8፣ ያቺው የ1965ቷ ቀን፣ በቤተ መንግሥቱ በር ተኩስ ተከፈተ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 300 ሰው ሞተ። በነጻነቱ ቀን ዋዜማ።

ጸሎትም ራሱ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ማርች 10 ቀን 2017ን የብሔራዊ ጸሎት ቀን አደረጉትና ሕዝቡ በጋራንግ መካነ መቃብር ተሰበሰበ። የጁባ ረዳት ጳጳስ ሳንቶ ሎኩ ፒዮ ግን ወታደሮች ሰውን እያሳደዱ ሳለ የሚደረግ ጸሎት መቀለጃ ነው ብለው አልገኝም አሉ። ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ሰይፉን ሳያስቀምጥ እጁን የሚያነሣ ሰው ሊማልድ አይችልም። በዚያ ቀን ከልባቸው ያለቀሱ ብዙ ሺህ ሰዎች እንደ ነበሩም አልጠራጠርም፤ የእነሱን እንባ ከጠሪያቸው ጋር መቁጠር ግፍ ነው።

ሴፕቴምበር 2018 አዲስ አበባ ላይ እንደ ገና የሰላም ውል ተፈረመ። በአፕሪል 2019 የደቡብ ሱዳን መሪዎች ቫቲካን ላይ ለሱባኤ ተቀመጡና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ፣ እግራቸውን የሚያማቸው አዛውንት፣ ዝቅ ብለው የኪርንና የተቀናቃኛቸውን የሪክ ማቻርን እግር ሳሙ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጉዞ ነው ልቤን የያዘው። የሩምቤክ ጳጳስ እንዲሆኑ የተመረጡት ክርስቲያን ካርላሳሬ በ2021 ገና ሳይሾሙ በሌሊት ሁለት እግራቸውን በጥይት ተመተው ነበር። ገና አልጋ ላይ ሳሉ የመቷቸውን ይቅር ብለው ለሀገረ ስብከቱ እንዲጸለይ ለመኑ፤ በዓመቱ ተመልሰው ተሾሙ። በጃንዋሪ 2023 ፍራንሲስ ወደ ጁባ ሊመጡ ሲሉ፣ ከሩምቤክ ሀገረ ስብከት የወጡ ወጣቶች ስለ ሰላም በእግራቸው ተነሡ። ሩምቤክ ያለችበት የሐይቆች አውራጃ ጎሳዎች በከብትና በደም በቀል የሚፋጁበት ነው፤ ተጓዦቹም ከእነዚያው የተጣሉ ወገኖች የመጡ ናቸው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ዘጠኝ ቀን ያህል፣ በአቧራና በሐሩር እየጸለዩና እየዘመሩ ሄዱ፤ ማታ ማታ በየመንገዱ ያለው ሕዝብ ተቀብሎ አሳደራቸው። ጳጳሱ በዚያ በተመታ እግራቸው ተቀላቀሏቸው። ከነገድህ ውጪ የሆነን ልጅ ጥማት እያየህ ውኃህን ስታካፍለው፣ ያን ጊዜ በክቡ ውስጥ ያልወጣልህ ስም ቀስ እያለ ይወጣልሃል ብዬ አስባለሁ።

ፍራንሲስ ፌብሩዋሪ 3 ጁባ ገቡ፤ አብረዋቸው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ኢየን ግሪንሺልድስ ነበሩ። በማግሥቱ ጠዋት በካቶር የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል ካህናትን፣ መነኮሳትንና የዘርዐ ክህነት ተማሪዎችን ሰብስበው ስለ ሙሴ ተናገሩ። ሙሴ ጥጃ ስለ ሠራው ሕዝቡ ሲለምን ከመካከላቸው ቆሞ እንጂ ከላያቸው ቆሞ አለመሆኑን፣ መማለድ ማለት በሰውና በመከራው መካከል መግባት መሆኑን አስረዱ። ማታ ሦስቱ የእምነት አባቶች በጋራንግ መካነ መቃብር ከሕዝቡ ጋር አብረው ጸለዩ፤ 50,000 ያህል ሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 5፣ በዚያው ሜዳ ቅዳሴ ተቀደሰ። ሰዉ ከሌሊቱ ጀምሮ መጥቶ ነበር፤ 70,000 ይሆናል ተባለ። የሩምቤክ ልጆች ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለዚህ ጠዋት ነበር። ወሩ ዕረፍቱ ከእሑድ ወደ ዓርብ እንዲዞር እንደ ታዘዘበት እንደዚያኛው ወር ፌብሩዋሪ ነበር፤ ቀኑም እሑድ።